አስራ ሰባተኛው ድምፅ

ጉብታዋ ስም አልነበራትም። ካርታው ላይ ቁጥር ነበራት፤ ቁጥሩን ረስቼዋለሁ። ስንወጣ የተገነጠለውን የቀኝ ጫማዬን ሶል ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ልጆች፣ የጦር ሜዳ ትዝታ ንገረን ስትሉኝ ጀግና ያገኛችሁ መስሏችሁ ከሆነ ቤት ተሳስታችኋል። እኔ የሬድዮ ሠራተኛ ነበርኩ። የተሸከምኩት ሬድዮ ከእኔ ይከብድ ነበር። ጥይት ሲመጣ መጀመሪያ የምሸፍነው ሬድዮውን ነው እያልኩ ለአለቆቼ እናገር ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ከኋላው የምደበቀው እኔ ነበርኩ።

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ነው፤ ሰሜን ግንባር። ከንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ሃያ ስምንት ሆነን ወጣን። ትእዛዙ አጭር ነበር፤ «ጉብታዋን ይዛችሁ ሦስት ቀን ቆዩ። ተተኪ ይመጣል።»

በሁለተኛው ቀን ተከበብን። በሦስተኛው ቀን ተተኪ አልመጣም። በአራተኛው ቀን ኮዳዎቻችን ደረቁ፤ ጠዋት ጠዋት ድንጋይ ላይ ያደረውን ጤዛ በጨርቅ እያነሳን እንመጥጥ ነበር። ኮቾሮ፣ ያ ደረቅ የወታደር ብስኩት፣ ነበረን፤ ያለ ውኃ ግን ኮቾሮ መብላት አሸዋ መቃም ነው። በአምስተኛው ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሞርታር ወደቀ። የመቶ አለቃችን ሞተ፤ ከሱ ጋር ሁለት። እስከ ዘጠነኛው ቀን ሰባት ሰው ቀበርን። መቅበሪያው ከምሽጋችን ወለል አልራቀም።

አለቃችን ሲሞት ኃላፊነቱ ለአስር አለቃ ገመቹ ደረሰ። ገመቹ የዲጋ ልጅ ነው፤ ከነቀምቴ በስተምዕራብ ያለችው ዲጋ። መትረየስ ተኳሽ ነበር። መሣሪያው ስለሚከብደው ሰልፍ ላይ ሁልጊዜ መጨረሻ የሚደርሰው እሱ ነበር፤ ከሱ በፊት የምደርሰው ደግሞ እኔ። ስለዚህ «ቁጠር!» በተባለ ቁጥር እኔ ቁጥሬን እጮሃለሁ፤ ገመቹ የመጨረሻውን ይጮህና ቆጠራው ይዘጋል።

«እናቴም ሻምበል ናት» ይለኝ ነበር። «ሲመሽ ከብቱ ሲገባ ደጃፍ ቆማ ትቆጥረናለች። ከታናሽ ነው የሚጀመረው። እህቴ ጫልቱ ‹ቶኮ› ትላለች፣ አንድ። እኔ ‹ለማ› እላለሁ፣ ሁለት። በቃ! ለሁለት ልጅ ይህ ሁሉ ሥርዓት!»

በዘጠነኛው ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ሬድዮዬ ተናገረ። ባትሪው ሊሞት ሲያጣጥር ነበር። «ተተኪ የለም። መቆየትም፣ መልቀቅም ትችላላችሁ። ውሳኔው የእናንተ ነው።»

ሁለት ጊዜ አስደገምኩት። በሕይወቴ ብዙ ትእዛዝ ተቀብያለሁ፤ ክፉም፣ ሞኝም። ከሁሉም የምፈራው ግን ይህንን ነው። «ተዋጋ» ያለህን ትራገማለህ፤ «ሽሽ» ያለህን ትመርቃለህ። «ውሳኔው ያንተ ነው» ያለህን ምን ታደርገዋለህ?

ለገመቹ ነገርኩት። ከሃያ አንዳችን አራቱ መራመድ የማይችሉ ቁስለኞች ነበሩ። በምዕራብ በኩል ያለው ገደል በሁለት እጅና በሁለት እግር የሚወረድ ነው፤ ቃሬዛ አያስኬድም። ገመቹ አራቱ ጋ በየተራ ሄዶ ተቀመጠ። ምን እንዳሉት፣ ምን እንዳላቸው አልሰማሁም። ሲመለስ መትረየሱን መወልወል ጀመረ።

«ንጋት አስራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ጉሙ ሳይነሳ ትወርዳላችሁ» አለን።

«‹ትወርዳላችሁ› ምንድን ነው? አንተስ?» አልኩት።

«እኔ እዚህ ሥራ አለኝ።»

«አብሬህ ልቅር» አልኩ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ይህን ስል ዓይኔ ወደ ገደሉ ነበር፤ እሱም አየው።

«አንተ ብትቀር ምን ትጠቅመኛለህ? ሬድዮህ ሞቷል፣ ጫማህ አንድ ነው» ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ፣ «አያሌው፣ ዲጋ ሂድልኝ። እናቴ በደብዳቤ አትስማ። በእግርህ ሂድና ንገራት» አለኝ።

ወረድን። ጉሙ ወፍራም ነበር። ከላይ መትረየሱ ይናገራል፤ አጭር፣ ዝም፣ አጭር። አንድም ሰው አልተመታብንም። አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መትረየሱ ዝም አለ፤ ጠበቅን፤ ዝም እንዳለ ቀረ።

ሸለቆው ውስጥ ተሰለፍን። «ቁጠር!» አለ ከፊት የነበረው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ እየመጣ እየመጣ እኔ ጋ ደረሰ። «አስራ ስድስት!» ብዬ ጮህኩ። ከዚያ ሁላችንም ዝም ብለን ጠበቅን። ማንም «ቆጠራው አልቋል» አላለም። እንደ ሞኝ አንገታችንን ወደ ግራ አዙረን አስራ ሰባት የሚል ድምፅ ጠበቅን።

*

ጦሩ ሲበተን ወደ አገሬ ወደ ቡሬ፣ ጎጃም፣ መሄድ ነበረብኝ። መጀመሪያ ግን የዲጋውን አደራ ላድርስ አልኩ። ሦስት ቀን ይበቃኛል ብዬ አሰብኩ። ቆይ፣ ሦስት ቀን ስላችሁ እየሳቃችሁ ነው?

መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው፤ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ። እኔ ግን ብቻዬን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ኦሮምኛ ሳላውቅ፣ በተዋስኩት ኮት ከተፍ አልኩ። የገመቹ እናት አዴ ኩሜ የልጇ ጓደኛ መሆኔን ስትሰማ «ታኢ፣ ታኢ!» ብላ፣ ተቀመጥ ማለቷ ነው፣ በርጩማ አቀረበችልኝ። ግማሽ ቂጤን አስቀመጥኩ። ተናግሬ ልሮጥ ነበር ሐሳቤ። እርጎ አመጣች። የበላ አፍ መርዶ አያወጣም፤ ነገ እነግራታለሁ አልኩ። በማግሥቱ አጥር አጠርኩላት። በሦስተኛው ቀን ልጇ ጫልቱ ከወንዝ ውኃ ይዛ ስትመለስ አየኋትና፣ ከዚያ በኋላ የመጣሁበትን ጉዳይ ማስታወስ ራሱ ሥራ ሆነብኝ።

አንድ ቀን ሲመሽ አዴ ኩሜ ደጃፍ ቆመች። ጫልቱ «ቶኮ» አለች። ከዚያ ዝም ሆነ። እኔም ያን ዝምታ አወቅሁት። ፊቴን በተዋስኩት ኮት ሸፈንኩ፤ መርዶው በዚያ ተነገረ። አዴ ኩሜ አልጮኸችም። ኋላ ጫልቱ እንደተረጎመችልኝ፣ «በግማሽ መቀመጫ የተቀመጠ ለት አውቄያለሁ። እስኪችል ጠበቅሁት» ነው ያለችው።

ሐዘኑ ሲያበቃ ሽማግሎች ተጠሩ። አዴ ኩሜ ጣቷን ማር ውስጥ ነክራ በአፌ አደረገችልኝ፤ የጡት ልጅዋ ሆንኩ። በሰፈሩ ደንብ ከማህፀን ከወጣ ልጅ አይለይም። እኔ አለቀስኩ፣ ማሩንም ላስኩ። ከዚያ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዱን ሽማግሌ ጠጋ ብዬ፣ «ጫልቱን ለትዳር ባስጠይቅስ?» አልኩ። ሰውየው ዱላውን አነሳ።

«እህትህን?»

ማሩን ከመላሴ በፊት መጠየቅ ነበረብኝ! ከሬድዮ ሠራተኛ እንኳ መልእክት በቅደም ተከተል ማድረስ ይጠበቃል። ጫልቱ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች፤ «ሆዳም! አንድ ጣት ማር ነው ሚስት ያሳጣህ» ትለኛለች። ሌላ አገባሁ፤ ጥሩ ሴት ነበረች፣ ነፍሷን ይማር። ነቀምቴ ቡርቃ ጃቶ ሬድዮ መጠገኛ ከፈትኩ፤ ሬድዮ ሲጠፋ ወደ ሞባይል ዞርኩ። ሠላሳ ምናምን ዓመት እንዲህ አለፈ።

*

አሁን ወደ ሁለተኛው ከበባ ልምጣ። ይህኛው ምሽግ የለውም፤ የብየዳ ካውያና ወንበር ነው ያለው።

ድሮ ከነቀምቴ በማለዳ የተሳፈረ ሰው ዓባይን ተሻግሮ ቡሬ ይመሽበት ነበር። ዛሬ ያ መንገድ ዝግ ነው። እናቴ መቃብር ጋ ለመድረስ አዲስ አበባ ድረስ ወደ ምሥራቅ ሄጄ፣ እንደገና ወደ ሰሜን ዞሬ ነው፤ እሱም መኪና ከተገኘ። ከኪራሙ በኩል የተፈናቀሉ ገበሬዎች መጥተው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያደሩ ጊዜ ስልካቸውን በነፃ ጠገንኩላቸው። አንዲት ሴት የተሰበረ ስልኳን ይዛ «መደወያው ቢቀርም ይቅር፣ የቤቴን ፎቶ አውጣልኝ» አለችኝ። አወጣሁላት። ቆርቆሮው አዲስ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነው የእኔም ጆሮ የቆመው። አንድ ደንበኛ ስልኩን እስክሠራለት ተቀምጦ፣ «ጋሼ አያሌው፣ እርስዎ አገርዎ መቼ ይገባሉ?» አለኝ። በክፉ ይሁን በደግ ዛሬም አላወቅሁም። «ይቺን ብሎን ሳጠብቅ» አልኩት። ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ብሎኗ ግን ከእጄ ወደቀች፤ ቀኑን ሙሉ ፈልጌ አጣኋት።

ታናሽ ወንድሜ ይስማው ከቡሬ ይደውላል፤ ኔትወርክ ሲኖር።

«ኧረ ጋሼ፣ ና ወደ አገርህ! የአባባን ቦታ ግማሹን አጥሬልሃለሁ።»

«እናንተስ ሰላም ናችሁ?»

«እሱማ... አለን። ትላንት ሲተኮስ ነው ያደረው።»

«ታዲያ ከከበባ ወደ ከበባ ነው የምትጠራኝ?»

«ቢሆንም ከወገንህ ጋር ትከበባለህ!»

ይህ ነገር ገባብኝ። ሻንጣ አዘጋጀሁ፤ ፈታሁ፤ አዘጋጀሁ። ሦስት ጊዜ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ የአውቶቡስ ሰዓት ጠይቄ ተመለስኩ፤ ረዳቶቹ «ሰዓት ጠያቂው አባባ» የሚል ስም አወጡልኝ። ብሄድ የማላውቀው አገር እገባለሁ፤ ብቀር የማውቀው አገር ያላወቀኝ እንደሆነስ? ሌሊት እንቅልፍ የለም፣ ቀን ሥራ የለም። ባለ ሬድዮ ሳለሁ ቢያንስ የምሰድበው አለቃ ነበረኝ።

አዴ ኩሜ ዓይኗ ጠፍቷል። ዲጋን ትታ ከጫልቱ ጋር እዚሁ ቡርቃ ጃቶ ነው የምትኖረው። ለሷ ሳልነግር መሄድ አልችልም። አንድ ቀን ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሻንጣዬን ይዤ ሄድኩ።

ጫልቱ በር ላይ አየችኝ። «ይሄ ሻንጣ ወዴት ነው?»

«እንዳይሻግት ፀሐይ ላሳየው ነው።»

«ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው፣ ሆዳም» ብላ አሳለፈችኝ። ዓይኗ ግን አልሳቀም።

ገባሁና በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። ስለ ዝናቡ አወራሁ። ስለ በቆሎው አወራሁ። አዴ ኩሜ ዛሬ ኦሮምኛዬን ሳታርም ሰማችኝ፤ ከዚያ፣

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ እንደዚያን ጊዜው ነው የተቀመጥከው» አለችኝ።

«እንዴት?»

«በግማሽ መቀመጫ። በርጩማው ሲንቋቋ ይሰማኛል።»

ሻንጣዬን በእግሬ ወደ ኋላ ገፋሁት።

«ቡሬ ነው?»

«አዎ፣ አዴ።»

«መንገዱ ተከፈተ?»

«አልተከፈተም። በአዲስ አበባ ነው።»

እጄን ፈልጋ ያዘች። «ሂድ አልልህም። ቅር አልልህም። ማር ያጠባሁህ ላስርህ አይደለም። ውሳኔው ያንተ ነው።»

ልጆች፣ ያ የሞተ ሬድዮ ተነስቶ ጥርስ በሌለው አፍ የተናገረኝ መሰለኝ። ሸለቆው መጣብኝ፤ ጉሙ፣ አንድ ጫማዬ። ቀና ስል ጫልቱ ግድግዳውን ተደግፋ ታየኛለች።

ውጭ መሸት አለ። ዛሬ ቤቱ ከብት የለውም፤ አዴ ኩሜ ግን ከብት የሚገባበትን ሰዓት በፊቷ ቆዳ ታውቀዋለች። እንደ ልማዷ ቀና ብላ ጠበቀች።

«ቶኮ» አለች ጫልቱ።

ዝም ሆነ። የአሮጊቷ አንገት ቀስ ብሎ ወደ እኔ ወደ ግራ ዞረ። ያን የአንገት አዟዟር አውቀዋለሁ። አስራ ስድስት ሆነን አዙረነዋል።

«ለማ» አልኩ።

ሻንጣው እዚያው ጫልቱ ቤት ቀረ፤ የምስር መያዣ አድርጋዋለች። ለይስማው ደወልኩና «ወንድሜ፣ ሦስት ቀን ስጠኝ» አልኩት። ያን ካልኩት ሁለት ክረምት አለፈ። እሱም ገብቶታል፤ አሁን ሲደውል «ሦስቱ ቀን ስንት ቀረው?» ነው የሚለኝ። እኔም እፎይ ያልኩ እንዳይመስላችሁ። በር ሲንኳኳ አሁንም እደነግጣለሁ። ስልኩ ሳይገባ ሦስት ቀን ሲሆን ይስማው ሞቷል ብዬ አስባለሁ። የቆየ ሰው ያሸነፈ ሰው አይደለም፤ ገመቹም አላሸነፈም።

የሞቱትን ልቁጠርላችሁ። ሰባቱ ከምሽጋችን ወለል አጠገብ ናቸው። አራቱ ቁስለኞችና ገመቹ እላይ ቀሩ፤ አስራ ሁለት። ሬሳቸውን ያየ፣ አፈር ያለበሰ አላውቅም። ከወረድነው አስራ ስድስት ስልክ የሚያነሱልኝ ሦስት ናቸው፤ አንዱ ጆሮው ስለማይሰማ አነሳ ማለት አይቻልም። ገመቹ ለምን እንደቀረ ስንት ዓመት አሰብኩበት። ጀግና ስለሆነ ነው ይላሉ፤ ይሆናል። እኔ ግን ያንን ቀን ከአራቱ ጋር በየተራ ሲቀመጥ አይቼዋለሁ። በሙሉ መቀመጫው ነበር የተቀመጠው።

በሉ፣ አስራ አንድ ተኩል ሆኗል፤ ሱቁን ልዝጋ። ካመሸሁ አዴ ኩሜ ፈልጉልኝ ብላ ሰፈሩን ሁሉ ታስነሳለች።