ለአንዲት ፊደል ስሟገት

«ንጉሥሽ ነገሠ!» አለችኝ በስልክ።

ደባርቅ መናኸሪያ ቆሜ ከጎንደር የሚመጣውን አውቶቡስ እየጠበቅኩ ነበር። ጮኼ ዘለልኩ። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ «ምን ሆነች ይቺ፣ ዲቪ ደረሳት እንዴ?» ብላ ጎረቤቷን ስትጠይቅ ሰማሁ። ከዲቪ ይበልጣል። መጽሐፋችን ታትሞ፣ በፖስታ ታሽጎ፣ በዚያው አውቶቡስ እየመጣ ነበር፤ የተሟገትኩላት ፊደልም አልተነካችም።

የደወለችው አርታኢዋ ናት። የክረምቱን ሁለት ወር የሠራሁት ከሷ ጋር ነው። አንድ ትልቅ የአዲስ አበባ አሳታሚ፣ ለልጆች የንባብ መጻሕፍት ከኛ አገር ታሪክ ሊሰበስብ ደባርቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይቶ ነበር። እኔን እርማት አንባቢ አድርጎ ቀጠረኝ። ትልቅነቱን በዐይኔ አላየሁትም፤ እኔ ዘንድ የሚደርሰው በአውቶቡስ የሚመጣ ወረቀት ብቻ ነው። በቀይ እስክሪብቶ ስሕተቱን አከብባለሁ፣ ግርጌው ላይ እፈርማለሁ፣ ወረቀቱ ይመለሳል። ለሥዕሉ ሌላ ሰው፣ ለሽፋኑ ሌላ ሰው፣ ለነጠላ ሰረዝ እንኳ ራሱን የቻለ ሰው አለ ይባል ነበር። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ መሥራቴ ብቻውን ቁመቴን የጨመረው ይመስለኝ ነበር።

ታሪኩ የአባባ ነው። አባባ የእናቴ አጎት ናቸው፤ ከደባርቅ በላይ፣ ተራራው ላይ ሳንቃ በር በሚባል ቦታ በቅሎ ይነዳሉ። አንድ ቀን ጉም ውስጥ በቅሏቸው አልሄድም ብላ ቆመች። ገረፏት፣ ሰደቧት፣ ንቅንቅ አላለችም። ጉሙ ሲገለጥ የፊት እግሮቿ ገደል አፋፍ ላይ ነበሩ። ይኼን ሲያወሩ በስልኬ ቀዳሁት፣ ጻፍኩት። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦

«ስሜን እንዳትጥሉብኝ፣ ልጄ። በቅሎዬ እንኳ ስም አላት።»

አርታኢዋ አብራኝ ነበረች። «ይኼማ ምን ጥያቄ አለው፣ አባባ!» አለቻቸው።

ታሪኩ «ጀንበር ስትሠርቅ በቅሎዬ ቆመች» ብሎ ይጀምራል። የመጀመሪያው እርማት ሲመጣ ግን «ስትሰርቅ» ሆኗል። ቤቱ የሚጽፈው በአንዱ፣ በእሳቱ ሰ ብቻ ነው። እኔን ደግሞ የኔታ ፊደል ሲያስቆጥሩኝ ጀምሮ ነግረውኛል፦ በንጉሡ ሠ ከተጻፈ ጀንበር ወጣች ማለት ነው፤ በእሳቱ ሰ ከተጻፈ ጀንበር ሌባ ናት።

«እትዬ፣ ጀንበር ምን ሰረቀች?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ የናንተ አገር ጀንበር ናት!»

«አይ፣ ሌብነቱ እንኳ ከአዲስ አበባ ነው የመጣው።»

ሣቀች። ሦስት ጊዜ አስተካክዬ ላክሁ፣ ሦስት ጊዜ እሳቱ ሰ ሆኖ ተመለሰ። በአራተኛው ራሷ አዲስ አበባ ደውላ ተለማመጠችልኝ። ያን ቀን አቀፍኳት። ታላቅ እህት ያገኘሁ መሰለኝ።

ፖስታውን መናኸሪያው ላይ ቀደድኩት። ንጉሡ ሠ፣ በትልቁ ታትሞ፣ ዙፋኑ ላይ! ሳምኩት። በማግስቱ ሽቅብ በሚወጣ አይሱዙ ተሳፈርኩ፤ ቡይት ራስ ሳንደርስ ያቺን ዐረፍተ ነገር ለሾፌሩ ሁለት ጊዜ አንብቤለታለሁ።

አባባ በቅሎዋን ሲጭኑ ደረስኩ። ጭነቱን ትተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው፤ በቅሎዋ የምትሰደብበት ላይ ራሳቸው ስድብ ጨመሩበት። ከዚያ «ስሜሳ?» አሉ።

የውስጥ ገጹን ገለጥኩ። ደራሲ፦ የአርታኢዋ ስም። ሥዕል፦ የማላውቀው ሰው። እርማት፦ እኔ። ከሥር በደቃቅ ፊደል «ከሕዝብ አፍ የተሰበሰበ» ይላል።

አባባ ማንበብ አይችሉም። ጣታቸውን እኔ ስም ላይ አሳረፉ። «ይኼ ነው?»

አዎ ብል ያምኑኝ ነበር።

«አይደለም፣ አባባ። ይኼ የኔ ነው።»

ጣታቸውን አነሡ። «እንዲያ ነው? የነዳሁ እኔ፣ የተቀመጠ ሌላ።» ወደ በቅሎዋ ዞሩ። «ሰማሽ፣ አንቺዬ? ገደል አፍ ላይ ያቆምሽው ሕዝቡን ነው አሉ።»

እዚያው ቆሜ ደወልኩ። «እትዬ፣ የአባባ ስም የታለ?»

«የሕዝብ ተረት በአዘጋጁ ስም ነው የሚወጣው። የቤቱ አሠራር ነው፣ የኔ ቆንጆ» አለችኝ።

«ተረት አይደለም! በቅሎዋ አጠገቤ ቆማለች እኮ!»

«አንቺስ ፈርመሽበት የለ?»

«ይኼን ገጽ መቼ ላክሽልኝ?»

«ለአንዲት ፊደል ስንት ሰው እንደለመንኩልሽ ታውቂያለሽ?»

ዘጋሁት። ከሁሉ ያመመኝ ይኼ የመጨረሻው ነው። ፊደሏን ሰጥታኝ ስማቸውን ወሰደች፤ እኔም ፊደሌን ስጠብቅ ስማቸውን ሳልጠብቅ ቀረሁ። የሥዕሉ ሰው ሥዕሉን ሣለ፣ የነጠላ ሰረዙ ሰው ነጠላ ሰረዙን አየ። ለአባባ ስም የተመደበ ሰው አልነበረም። ነበረ ከተባለም እኔ ነበርኩ።

መጻፍ እንደምችል ያወቅኩት ግን በዚያው ክረምት ነው፤ ያንን አልመልስላትም። ይኼን ጽሑፍ ማንም አላረመውም።

ስንለያይ አባባ እንዲህ አሉኝ፦ «ያነበቡትን ሁሉ ላኪያቸው። ባለቤቱ እዚህ ነው በያቸው። ስድቡንም ሙሉውን እነግራቸዋለሁ፤ እናንተ አሳጥራችሁታል።»

እንግዲህ መጽሐፉ እጃችሁ የገባ ሁሉ፣ ይዛችሁት ሳንቃ በር ኑ፤ እስክሪብቶ አትርሱ። የውስጥ ገጹ ላይ፣ «ደራሲ» ከሚለው በላይ፣ የአንድ መስመር ባዶ ቦታ አለ። ስማቸውን ራሳቸውን ጠይቁ፤ እዚህ ያልጻፍኩት ከአፋቸው እንድትሰሙት ብዬ ነው። ስትጽፉት ብቻ አደራ፦ በንጉሡ ሠ ነው የሚጀምረው።