ከመፍታታቴ በፊት

ባለፈው ሳምንት እዚህ እስራኤል፣ አፉላ ባቡር ጣቢያ የሃይፋውን ባቡር ስጠብቅ አጠገቤ የተቀመጠ ወታደር ከኪሱ የእጅ ማጽጃ አውጥቶ መዳፉ ላይ ጠብ አደረገና እጆቹን አሻሸ፤ የአልኮሉ ሽታ እኔ ጋ ሲደርስ አፌ ምራቅ ሞላ። ቦርሳዬን ይዤ ነፋስ ወዳለበት ወደ ጥግ ሄድኩና ቆምኩ። ከዘጠኝ ዓመቴ እስከ አሥራ ስድስት ዓመቴ ድረስ እናቴ በየሐሙሱ ጭኔን አልኮል በነካ ጥጥ ጠርጋ ቢጫ መድኃኒት ትወጋኝ ነበር፤ መድኃኒቱ ያስታውከኝ ስለነበር ሆዴ ውሎ አድሮ መርፌውን መጠበቅ ትቶ ገና በጥጡ ሽታ መታወክ ጀመረ። መርፌው ከቀረ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ሆዴ ግን ወሬው እስካሁን አልደረሰውም።

ያኔ የምንኖረው ጊቫት ሃሞሬ በሚባለው የአፉላ ሰፈር፣ አሳንሰር የሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ከበረንዳችን ሸለቆው በሙሉ ይታያል፣ በክረምት አረንጓዴ፣ በበጋ የተቃጠለ ቢጫ፤ እኔ ግን ሳስታውሰው ግማሹ ሁልጊዜ እናቴ ባሰጣችው ልብስ እንደተሸፈነ ነው። አባቴ አዳነ ፕላስቲክ ፋብሪካ በፈረቃ ይሠራል፤ እናቴ ጥሩነሽ ጠዋት ጠዋት የአረጋውያን መኖሪያ ታጸዳለች። አራት ልጆች ነን፤ የሁሉ ታላቅ ወንድሜ በላይ ነው፣ ከእሱ ቀጥሎ እኔ ስመኝ።

አባቴ ከጎንደር ሲመጣ ቤቱን፣ ማሳውንና ሁለት በሬዎቹን ትቶ ነው፤ አንድ ነገር ግን ሳይተው ይዞ መጣ። ትልቅ ሰው ወደ ቤት ሲገባ ልጅ ከተቀመጠበት ብድግ ይላል፣ ጎንበስ ብሎ ጉልበት ይስማል፤ ትልቁም ሰው የልጁን ትከሻ ይዞ ቀና ያደርገውና «እደግ» ይለዋል። በአውቶቡስ ውስጥ አሮጊት ቆማ እግራቸውን ዘርግተው የሚቀመጡትን ልጆች ባየ ቁጥር አባቴ እኛን አንድ በአንድ ያየን ነበር፣ ማንኛችን ቀድመን እንደምናመልጠው ለማወቅ እንደሚፈልግ ሰው። ቀድሜ ያመለጥኩት እኔ ሆንኩ።

ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ ክረምት መጀመሪያ ላይ ጠዋት ስነቃ እግሮቼ የኔ አልመስል አሉ። አያመኝም ነበር፣ ወይም ሕመም ብዬ የምጠራው ዓይነት አልነበረም፤ ፀሐይ ላይ ውሎ እንደ ደረቀ ቁርበት ግትር ብለው ይጠብቁኛል፣ ቀስ እያልኩ ካላሸኋቸው አይታጠፉም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት እነሳና ግድግዳ ይዤ ኮሪደሩን ስመላለስ ቆይቼ፣ ሌሎቹ ሲነሱ ተፍታትቼ እገኛለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ሰው ሁሉ ጠዋት እንዲህ የሚሆን መስሎኝ ነበር። ተቀምጬ ከቆየሁም ያው ነው። በላይ አንድ ሁለት ጊዜ አይቶኝ «እማማ አሮጊት፣ ምርኩዝ ላምጣልሽ?» ብሎ ስቋል።

ቅዳሜ፣ የሰንበት ዕለት፣ ከጸሎት በኋላ የአባቴ ወዳጆች ደረጃውን ወጥተው ይመጣሉ። እኔ ከማለዳ ጀምሮ ከእህቶቼ ጋር ሶፋው ላይ ተጣብቄ እቆያለሁ። በሩ ይከፈታል፣ በላይ ብድግ ይላል፣ ትንንሾቹ ብድግ ይላሉ፣ እኔ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ ጊዜ አባቴ ያላየ መስሎ አለፈኝ። በሁለተኛው ሰንበት አንዲት የጎረቤት ሴት ዳቦ እየቆረሰች «ተዋት አዳነ፣ የዚህ አገር ልጅ ሆናለች» አለችው። ለማጽናናት ነበር። አባቴ የያዘውን ዳቦ መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠው።

እንግዶቹ ሲሄዱ መጥቶ ፊቴ ቆመ።

«እግር የለሽም?»

«አለኝ።»

«ታዲያ ለማን ነው የምታስቀምጪው?»

ጠዋት ጠዋት እንዲህ እንደምሆን ልነግረው አሰብኩ፣ ግን ማመካኛ መሰለኝ፤ ለእኔ ራሴ ማመካኛ የመሰለኝን ነገር ለእሱ እንዴት ብዬ እነግረዋለሁ።

እናቴ ግን አንድ ቀን ሳነክስ አየችና ቁፓት ሆሊም ወሰደችኝ፣ መሀል ከተማ ወዳለው የሕክምና ቤት። ጠዋት ሥራ ስላለባት ቀጠሮው ከሰዓት በኋላ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ እኔ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ገመድ ስዘል ውያለሁ። ሐኪሙ የበዓል ዋዜማ ደርሶበት ለመሄድ እንደሚቸኩል ሰው እግሬን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ ሂጂ አለኝ፣ ሄድኩለት። ደም ተቀዳሁ። ውጤቱ ንጹህ ነው፣ የዕድገት ሕመም ነው ተባለ። እናቴ ደስ አላት። እኔን ግን ያ ወረቀት ወንጀለኛ አደረገኝ፤ በሽታ ካልሆነ ሌላ የቀረው ብልግና ብቻ ነበርና።

አባቴ ሊያስተምረኝ ተነሳ። አርብ ማታ ሶፋው ላይ ያስቀምጠኝና ወደ ውጭ ይወጣል፤ በሩን ያንኳኳል፣ እንደ እንግዳ ይገባል፣ እኔ እነሳለሁ። እንደገና ይወጣል። እናቴ ከወጥ ቤት ሆና «ሰውየው አብዷል፣ ራሱን ይጎበኛል» ትላለች። መጀመሪያ ላይ እየተጎተትኩ፣ በሦስተኛው ትንሽ ይሻለኛል፣ በአምስተኛው እንደ ሚዳቋ ብድግ እላለሁ፤ አባቴም ትምህርቱ ገባት ብሎ ደስ ብሎት ይተኛል። በማግስቱ ሰዎቹ ሲገቡ እቀመጣለሁ። ያን ክረምት ከዓለም የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ እሱ እያየ ባንድ ጊዜ ብድግ ማለት።

አባ ተገኘ ምድር ቤት የሚኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። ጉልበታቸውን ቁርጥማት የያዛቸው ከአገር ቤት ጀምሮ ስለሆነ ወደ እኛ ሲወጡ በየፎቁ እያረፉ ነው፣ ልጆች ጉልበታቸውን ሊስሙ ሲቀርቡም «ቀስ፣ ቀስ፣ እንዳትነኩት» እያሉ በአየር ላይ ያስስማሉ። አንድ ዝናባማ ሰንበት ገቡና ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። እኔም ዘግይቼ መነሳት ጀመርኩ። ወደ ሶፋው ጫፍ ተንፏቀቅኩ፣ እግሬን ሰበሰብኩ፣ ሁለት መዳፌን ጭኔ ላይ ጭኜ ገፋሁና ወገቤ ሳይቀና ቆየሁ።

አባ ተገኘ ሳቁ። «ይቺ ልጅ አነሳሷን ከኔ ሰርቃለች!»

አባቴ ከወንበሩ ዘሎ መጣ። «በሽማግሌ ታሾፊያለሽ?» እጁ ወደ ላይ ወጥቶ ነበር።

«ቆይ አዳነ። ቆይ፣ አንተ ሰው!» የሽማግሌው ሳቅ ጠፍቶ ነበር። «ነይ እስቲ ወዲህ፣ ልጄ።» ሄድኩ። መዳፋቸውን ግራ ጉልበቴ ላይ አሳረፉ፣ ከዚያ በራሳቸው ላይ፣ ከዚያ መልሰው በኔ ላይ። «እሳት አለው» አሉ። «ጠዋት እንዴት ነሽ?»

ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። «ጠዋት እንጨት ነኝ። ስሄድ ስሄድ ይለቀኛል።»

«ሐኪሙስ መቼ አያት?»

«ከሰዓት በኋላ» አለች እናቴ።

«ከሰዓት በኋላማ እኔም ጎረምሳ ነኝ! ጠዋት ውሰዷት፣ ከአልጋ አንሥታችሁ፣ ሳትፍታታ።»

«አባ ተገኘ፣ ቁርጥማት እኮ ልጅ አይዝም» አለ አባቴ።

«እንግዲህ ይቺን ይዟል።»

በማግስቱ፣ እሑድ እዚህ የሥራ ቀን ነው፣ አባቴን ፈረቃውን ትቶ ገና ዓይኔን ስገልጥ አልጋዬ አጠገብ ቆሞ አገኘሁት። «አትንቀሳቀሺ» አለኝ። በፒጃማዬ ላይ ካፖርት አለበሰኝና እንደ ብርጭቆ ተጠንቅቆ ተሸክሞ አራት ፎቅ ወረደ። በአውቶቡስ ውስጥ ጉልበቴ እንዳይታጠፍ መዳፉን ጭኖበት፣ በየፌርማታው «ለቀቀሽ?» ይለኛል፣ «አልለቀቀኝም» እለዋለሁ፣ ይተነፍሳል። ሁለታችን አንድ ነገር ሳይቀልጥ ለማድረስ የምንቸኩል ይመስል ነበር። ቀጠሮ አልነበረንም፤ ጸሐፊዋ ከሰዓት በኋላ ተመለሱ አለችው። በቢሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቀው አባቴ ከሐኪሙ በር ትይዩ ወንበር ላይ አስቀመጠኝና በሩ ላይ ቆመ። ሐኪሙ ስኒውን ይዞ ሲወጣ አባቴ ወደኔ ዞሮ በአማርኛ «ተነሺ» አለኝ።

እንዳልነሳ ፈልጎ ነበር፤ ያንን አውቃለሁ። እኔ ግን ክረምቱን ሙሉ የጠበቅኩት ቃል ስለሆነ ያለኝን ጉልበት ሁሉ ሰብስቤ ገፋሁ፣ እሱን ደስ ለማሰኘት። ግማሽ ድረስ ወጣሁ። እዚያ ላይ ቀረሁ፣ ጎብጬ። ሐኪሙ ስኒውን መሬት ላይ አስቀምጦ ተንበረከከ። ቀና ብዬ አባቴን አየሁት፤ ስላቃተኝ ደስ ሲለው ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ፈጠነ። በሆስፒታሉ የልጆች መገጣጠሚያ ሐኪም በአስተርጓሚ በኩል ነገረችን፤ ሰውነቷን የሚጠብቀው ኃይል ተሳስቶ የራሷን መገጣጠሚያ እየወጋ ነው፣ ደም ሁልጊዜ አይናገርም፣ ልጆች ብዙ ጊዜ አመመኝ አይሉም፣ ማድረግ ይተዋሉ እንጂ። የዓይን ሐኪሙ በመብራት አይቶ፣ ሳይቀላና ሳያመኝ በዓይኖቼ ውስጥም እንደጀመረ አገኘ፤ ለዓይኔ ተደርሶለታል። ለጉልበቴ ዘግይቶ ነበር። የታመመ ጉልበት ስለሚሞቅ የአጥንቱ ዕድገት ይፋጠናል፤ ግራ እግሬ ከቀኙ ረዝሞ ተገኘ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ «እደጊ» ሲሉኝ ምርቃቱ በአንድ እግሬ ብቻ ሠራ።

በየሦስት ወሩ ይለኩኛል። እግሬን በሜትር፣ ጉልበቴ የሚታጠፍበትን በፕላስቲክ መለኪያ፣ ደሜን በብልቃጥ፤ ሁሉም ይጻፋል። ያልተለካው አባቴ ነው። ለእንግዶች ሁሉ «እሷ አትነሳም» ብሎ አስታወቀ፣ ከዚያም ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። በላይ ኳስ መትቶ መስታወት ሲሰብር የአባቴ ጩኸት በአራቱም ፎቅ ይሰማል። እኔ ብርጭቆ ብሰብር ራሱ ጎንበስ ብሎ ይለቅማል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አትድከሚ» እያለ፣ ለሌላ ሰው ልጅ እንደሚናገር።

አሥራ አራት ዓመቴ ላይ፣ ጉልበቴ ደህና በሆነበት ወራት፣ ከትምህርት ቤት ቀርቼ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር መሀል ከተማ ስንዞር ዋልን። ማታ ከትምህርት ቤት ስልክ ተደወለ፣ ያነሳው አባቴ ነው። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ የምመልሰውን አዘጋጀሁ፤ አንዱም እውነት አልነበረም፣ ግን ሁሉንም እንዲያፈርስብኝና እንዲጮህብኝ ፈለግኩ። በላይ ጩኸቱን ሊሰማ ክፍሉ ውስጥ ሬዲዮውን ቀነሰ። አባቴ ስልኩን ዘጋና መጣ። ፊቴን አየ፣ ከዚያ ዓይኑ ወደ እግሬ ወረደ።

«ጉልበትሽ ነው?» አለኝ።

ቀኑን ሙሉ ስሮጥ ነበር የዋልኩት።

«አዎ፣ አባዬ» አልኩት።

በላይ ሬዲዮውን መልሶ ከፍ አደረገው።