የተሰፋሁበት ጣቃ

ባለፈው ሳምንት ሸማ ተራ ስደርስ የልጅ ልጄ ሐና ከሞያሌ የመጣላትን ጨርቅ ስትፈታ አገኘኋት። ከተክለ ሃይማኖት ተነስቼ ጉልበቴ እስከፈቀደልኝ ድረስ በየሱቁ እየቆምኩ፣ የማልገዛውን ዕቃ ዋጋ እየጠየቅኩ፣ ሰላምታ የማይመልሱልኝን ወጣቶች እየገሠጽኩ ስዞር እውልና መጨረሻ የማርፈው እሷ ዘንድ ነው። ላስቲኩን በመቀስ ስትሰነጥቀው ያ ሽታ ወጣ፤ ውሃ ያልነካው አዲስ ጨርቅ ሽታ፣ ሙጫ ሙጫ የሚል፣ ጉሮሮ የሚይዝ። ሰው ይወደዋል፣ የበዓል ሽታ ነው ይላል። እኔን ግን አፈነኝ። ነጠላዬን ካንገቴ ፈታ አድርጌ ደጃፉ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ሐና ደንግጣ ውሃ አመጣችልኝ፤ ሙቀቱ ነው ብዬ አለፍኩት።

እሷማ ደስታዋ ሌላ ነው። ሞያሌ ላይ ዛሬ የኛም የማዶዎቹም ሠራተኞች ባንድ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው አሉ ወረቀት የሚያዩት፤ እዚህ የታሰረውን እዚያ መፍታት፣ እዚያ የታሰረውን እዚህ መበርበር ቀርቷል አለችኝ። እሷና ጓደኞቿ ከማዶ ካሉ ሴቶች ጋር ተሻርከው ከዚህ ቦሎቄ ይሄዳል፣ ከዚያ ጨርቅ ይመጣል። «ሲስተም የለም» የተባለ ዕለት ብቻ ነው የምንቃጠለው እያለች ትስቃለች። ሴት ልጅ ስሟ የተጻፈበት ወረቀት ይዛ፣ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ያላትን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ድንበር ስታልፍ አስቡት እንግዲህ። እኔ በዚያው መንገድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ እንዴት እንዳለፍኩ ግን ለሷም ለማንም አውርቼ አላውቅም።

ያኔ የምንኖረው ጎጃም በረንዳ፣ ከአንድ የእህል መጋዘን ጀርባ፣ መስኮት በሌላት አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር። አባቴ ሞቶ እኔና እናቴ ብቻ ነበርን። የመጋዘኑ ግድግዳ የኛም ግድግዳ ስለነበር ወዛደሮቹ ጆንያ በወረወሩ ቁጥር ቤታችን ይነቃነቃል፤ ብናኙም በስንጥቁ እየገባ ያስነጥሰን ነበርና ጎረቤቱ ሁሉ ከኛ ማስነጠስ «ዛሬ በርበሬ ገብቷል» ብሎ ያውቅ ነበር።

እናቴ የሞያሌ ነጋዴ ነበረች። ነጋዴ እላለሁ እንጂ ኮንትሮባንድ ነው። ጨርቅ በሥርዓቱ ማስገባት ያኔ የትልልቆቹ አስመጪዎች ነገር ነው። እንደሷ ፊደል ያልቆጠረችና ባል የሌላት ሴት ቢሮ ብትሄድ ከመስኮት ወደ መስኮት ነው የሚያዞሯት፤ አንዴ ሞክራ ሦስት ቀን ካዞሯት በኋላ በአራተኛው ቀን መጀመሪያ የቆመችበት መስኮት ፊት ራሷን አገኘችው። ከዚያ ወዲያ ጨርቁን ለብሳ መምጣት ጀመረች።

ሽርካዋ ከኛ ሦስት በር አልፎ የምትኖረው እትዬ ዘይነባ ነበረች። የስልጤ ሴት፣ ረጅም፣ ድምፀ ወፍራም፣ አራት ልጆችና የአልጋ ቁራኛ የሆነ ባል ያሏት። ሁለቱ ያላቸውን አዋጥተው ይሄዳሉ፣ ባንድ አውቶቡስ ይመለሳሉ፣ የመጡ ዕለትም እኛ ክፍል ገብተው በሩን ዘግተው ይፈታሉ። እኔ ከዚህ የሚበልጥ ጨዋታ አላውቅም ነበር። በበሩ አልገባ ብለው በጎን የገቡት ሁለት ሴቶች፣ ቀሚሱ በቀሚስ ላይ፣ ሽርጡ በሽርጥ ላይ እየወለቀ፣ እየሟሸሹ እየሟሸሹ ሄደው፣ መጨረሻ ላይ ያቺ የማውቃት ቀጭን እናቴ ከመሃል ብቅ ትላለች። አጨበጭብ ነበር። ድንበር ማለት ለኔ ሰው ሄዶ የሚወፍርበት አገር ነው።

ነገሩን የጉምሩክ ጠባቂዎቹ ፊናንሶች ነቁበት። ሴት ፈታሽ በየኬላው አቆሙ። ልጅ ግን አይነኩም። ይኼን ጊዜ ነው እናቴ እኔን ማየት የጀመረችው፤ ትከሻዬን በስንዝሯ ለካችው፣ ቁመቴን ለካችው። አውቶቡስ ላሳፍርሽ ነው ስትለኝ ለጎረቤት ልጆች ሁሉ እየዞርኩ ተናገርኩ።

ሞያሌ ላይ ባረፍንበት ቤት በጠዋት አስነስታ ክንዴን ወደ ላይ አሰቀለችኝ። ከብብቴ እስከ ጉልበቴ ናይለን ጨርቁን ጠቀለለችብኝ፤ በላዩ ሌላ፣ በላዩ ሌላ፤ እትዬ ዘይነባ ጫፉን ወጥራ ትይዛለች፣ እናቴ በወፍራም ክር ትሰፋለች። የጉዞው ውድ ውድ ጨርቅ፣ የሁለት ቤት እንጀራ፣ ሁሉም ገላዬ ላይ ነው። ሲሰፋ እንደማቀፍ ነበር፤ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ሲያልቅ መጎንበስ አልቻልኩም፣ በረጅሙ መተንፈስ አልቻልኩም። በላዩ ሰፊ ቀሚስ አለበሰችኝና ሦስት ነገር አስጠነቀቀችኝ፦ ውሃ አትጠይቂ፣ ሽንቴ መጣ አትበይ፣ አታልቅሺ። አልጎነበስ ስላልኩ አውቶቡስ ውስጥ ያስገቡኝ እንደ ቁምሳጥን አጋድመው ነው፤ እትዬ ዘይነባ በሳቅ እንባዋ መጣ፣ እናቴም ሳቀች፣ እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ፤ ለሳቅም ቦታ አልነበረም።

የመጀመሪያውን ኬላ አለፍን። ሁለተኛው ቆላው ሜዳ ላይ ነው፤ አንዲት ግራር፣ አንዲት የቆርቆሮ ቤት፣ መንገዱ ላይ የተዘረጋ ገመድ። እዚያ ሴቶቹን ሁሉ አስወረዱ። አንዱ ጎረምሳ ፊናንስ ዙሪያችንን እየዞረ፣ ሞያሌ ምን ቢበላ ነው ሁላችሁም ወፍራችሁ የምትመለሱት ሲል እትዬ ዘይነባ ቀበል አድርጋ፣ «የግመል ወተት ነው ወንድሜ፤ ሚስትህን ላካት፣ ትወፍርልሃለች» አለችው። አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም። ሴት ፈታሿ እስክትመጣ ማንም ንቅንቅ እንዳይል አለና ግራሩን ለራሱ ይዞ እኛን በተርታ ፀሐይ ላይ አስቀመጠን።

ሴትዮዋ ቀረች። እኔ መቀመጥ ስለማልችል የአውቶቡሱን ጎማ ተደግፌ ቆሜያለሁ። ላቤ መውጫ አጥቶ ውስጥ ለውስጥ ይወርዳል፤ ያ የሙጫ ሽታ በሙቀቱ እየተነሳ አፍንጫዬ ሥር ይቀመጣል፤ ናይለኑ ላቤን በጠጣ ቁጥር የጠበበብኝ ይመስለኛል። ሦስቱን ትእዛዝ በልቤ እደጋግማለሁ። እየቆየ የሰዎቹ ድምፅ ከሩቅ፣ ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ሆነ። ጉልበቴ ሲከዳኝ እንኳ አልታጠፍኩም፤ ቀጥ ብዬ፣ እንደ ጣቃው፣ በጎኔ ወደቅሁ።

ዓይኔ ክፍት ነበር። እናቴ በላዬ ስትደፋ አየኋት። ሻሿ ውስጥ ቤት ስንደርስ ክሩን የምትፈታበት ምላጭ ነበራት፤ አወጣችው፣ ቀሚሴን ገለጠች። ከዚያ ቀና ብላ ፊናንሱን አየች፣ መልሳ እኔን አየች፣ መልሳ ጨርቁን። እጇ አየር ላይ ቀረ። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። የምላጩን ብልጭታ፣ ከንፈሯ ላይ የደረቀውን አቧራ ዛሬም እሥለዋለሁ፤ ያ እጅ ግን አልወረደም።

የወረደው የእትዬ ዘይነባ እጅ ነው። ምላጩን ነጥቃ ከብብቴ እስከ ጉልበቴ ባንድ ትንፋሽ ተረተረችው፤ ናይለኑ ሐምራዊና ቢጫ ሆኖ አቧራው ላይ ተዘረገፈ፣ እኔም ትንፋሽ ሳብኩ። የአራት ልጆቿን ጉርስ ነው በገዛ እጇ የቀደደችው። ለጎረምሳው ቀና ብላ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «በል እንግዲህ፣ ልብስ አግኝተሃል። ለልጅቱ ውሃ አምጣ።»

አመጣ።

ጨርቁን ሰብስበው ወሰዱት፣ እናቴንም ወሰዷት። ልጅቱ የኔ ናት፣ ጨርቁም የኔ ነው ብላ እትዬ ዘይነባን አስጣለቻት፤ ያን ዕለት ያደረገችውን ሁሉ ስደምር ይኼን መርሳት አልፈልግም። ክረምቱን ከእትዬ ዘይነባ ልጆች ጋር ተጋጥሜ ተኛሁ። ቤቱ ውስጥ የሚበላው መቅጠኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ አንድ ቀን እንኳ በኔ ምክንያት ነው የሚል ዓይን አላየሁም። እናቴ መስቀል ሲደርስ ተፈታ መጣች፤ ከሞያሌ ቀጥና ስትመለስ ያቺ የመጀመሪያዋ ነበረች።

ሽርክናው በዚያው አበቃ። አልተጣሉም። እናቴ ጎጃም በረንዳ የተቀደደ ጆንያ እየሰፋች ኖረች፤ እትዬ ዘይነባን መንገድ ላይ ስታይ ግን ዓይኗ መሬት ይፈልጋል፣ ወይ ሌላ መንገድ ይዛ ትጠፋለች። ለኔም ጉርሻዋ አልጎደለብኝም፤ ልብሴን ግን ከዚያ ወዲህ ነክታው አታውቅም። ቁልፌ ሲፈታ ጎረቤት ይቆልፍልሽ ትለኛለች። የሠርጌ ዕለት ቬሎዬን ከኋላ ወጥራ የያዘችልኝ እትዬ ዘይነባ ናት፤ እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ ታየን ነበር። እኔም ነይ አላልኳትም። ሰው እንደሚያስበው ከዚያ ሜዳ የወጣሁት በማግስቱ አይደለም፤ እናቴና እኔ ባንዲት ክፍል፣ ባንድ ትሪ፣ ባንድ ጸጥታ፣ እዚያው ፀሐይ ላይ ብዙ ዓመት ቆመናል።

ሐና ስለ ማዶ ሽርኮቿ ስታወራ የምቀናባት መንገዱ ስላጠረላት አይደለም። ማንም እሷን ልጅሽን ወይ እንጀራሽን ምረጪ ብሎ ፀሐይ ላይ አያቆማትም፤ ሽርካዋን መንገድ ላይ ስታይ የምትሸሸግበት ምክንያት የላትም። እናቴና እትዬ ዘይነባ እኮ አብረው ማርጀት የሚገባቸው ሴቶች ነበሩ።

እትዬ ዘይነባ ቀድማ ሞተች። እናቴ ለቅሶው ላይ የጮኸችው ጩኸት ሰፈሩን ገርሞታል። እሷም ከዚያ ወዲያ አልቆየችም፤ አልጋ ያዘች፣ ልብሷን የምቀይርላት እኔ ሆንኩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እጅጌዋን ሳስገባላት የእጄን አንጓ ያዘችኝ። ሐሳቧ የት እንደሄደ አልጠየቅኳትም፣ ያ ሜዳ እንደሆነ አውቄዋለሁ።

«ልቆርጠው ነበርኮ» አለችኝ፣ «ዘይነባ ቀደመችኝ እንጂ።»

«አውቃለሁ እማዬ» አልኳት።

አላውቅም ነበር። ዛሬም አላውቅም።