እራፊ ያማረው አዲስ ኮት

ሰፈሩ ሁሉ ልብስ ሰፊውን «ሜትሮ» ነው የሚለው። የልብስ መለኪያው ሜትር ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም፤ ለቅሶ ቤት እንኳ አንጠልጥሎት ይሄዳል። አንዴ ወንድሙ የሞተበትን ሰው ትከሻ በዓይኑ ሲለካ ሚስቱ ደርሳበት በክርኗ ጎሽማዋለች። በሙያው ግን አይታማም። ከአውቶቡስ ተራው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል፣ በሁለት የስፌት መኪናና ጥጉ በተሰነጠቀ መስታወት፣ የሰው ጃኬት ሲያቃና ዕድሜውን ፈጀ፤ የራሱን ጭንቅላት የሚያቃናለት ግን አላገኘም።

አንድ ደንብ ነበረው። የተቀደደ ልብስ ሲጥፍ በመጀመሪያ ያረጀውን ጨርቅ ቆርጦ ያወጣል፤ ከዚያ ነው እራፊውን የሚሰፋው። ሙያውን ያስተማረው ሽማግሌ «ቀዳዳ የሌለው እራፊ ውሸት ነው» ብሎ አስምሎታል፤ ያንን ቃል ጸጉሩ እስኪሸብት ድረስ አላፈረሰም። በመርፌው እንዲህ ጠንቃቃ የሆነ ሰው በጆሮው እንዴት እንዲያ ዝርክርክ እንደሚሆን፣ እሱ የፈጠረው ይወቅ።

ኩራቱ ሴት ልጁ ነበረች። ሁለተኛ ደረጃን በጥሩ ውጤት ጨርሳ ፋርማሲ እንድትማር ኮሌጅ ተቀብሏታል። ሜትሮ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣውን ሁሉ «ልጄ መድኃኒት ቀማሚ ልትሆንልኝ ነው» ሳይል አይለቅም ነበር፤ ሰዎቹ ሱሪያቸውን እንደ ያዙ በቁማቸው ይመርቃሉ።

ቁስሉ ደግሞ የቆየ ነው። ከትምህርት ቤት የወጣው ገና በልጅነቱ ነው። ጎልምሶ ሳለ እናቱ ታመው ሐኪም ያዘዘላቸውን ኪኒን፣ በወረቀቱ ላይ ያለውን በቅጡ ማንበብ ስላቃተው፣ የቀኑን በአንድ ጊዜ አስዋጣቸው። ሰውነታቸው ዝሎ፣ በጀርባው አዝሎ ሐኪም ቤት ሲመልሳቸው ሐኪሙ ከሚጽፈው ቀና ሳይል «ካልተማረ ሰው ምን ይጠበቃል!» አለ። እናቱ ዳኑ፤ ቃሉ ግን ሆዱ ውስጥ ቀረ። ልጅቱም ፋርማሲን የመረጠችው ይህን እየሰማች ስላደገች ነው። «እኔ ለሰው በአፌ ነው የማስረዳው፤ መልሶ እስኪነግረኝ ድረስ ኪኒኑን አልሰጠውም» ትላለች።

ምርጫ ሲቃረብ ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ወደ ሜትሮ ሱቅ መጣ። ይህ ሰው ሁለት ዲግሪ አለው፤ እንደ እከክ ይደብቃቸዋል እንጂ። ልጁን የሚያስተምረው ባሕር ማዶ ነው። አባቱ ካወረሱት ሕንፃ ኪራይ ይለቅማል፤ መድረክ ላይ ሲወጣ ግን የድሃ ልጅ ነው። ሾፌሩ ጠረጴዛው ላይ አንድ ኮት ዘረጋ። ጨርቁ ከእጅ የሚሾልክ፣ የሱቅ ሽታው ገና ያልለቀቀው ኮት ነው።

«ክርኑ ላይ እራፊ ጣፍልኝ» አለ ተወዳዳሪው።

«ጌታዬ፣ አዲስ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ ወንድሜ። ሕዝቡ ግን እንደ ራሱ የተጣፈ ሰው ነው የሚያምነው። ደመቅ አድርገው፤ ከሩቅ ይታይ።»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይነቃ ነበር። ሜትሮ የሰማው «ወንድሜ» የምትለዋን ብቻ ነው። ሰውዬውም ሥራውን ያውቃል፦ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ፣ እጁን ሜትሮ ትከሻ ላይ ጣል አደረገ፣ «ለመሆኑ እነዚህ ተማርን ባዮች አንተን በድለውህ አያውቁም?» አለው። ሜትሮ የሐኪሙን ታሪክ ከነእንባው ዘረገፈለት። ተወዳዳሪው ሐኪሙ ያለውን ቃል በቃል አስደገመው፤ ቲማቲም እንደሚመርጥ ሰው አገላብጦ አየውና ያዘው።

እንደወጣ ሜትሮ መቀሱን አነሳ። ቀዳዳ የሌለው እራፊ እጁ አልሰፋ አለው። የሽማግሌውን ቃል አስቦ ከሁለቱም ክርኖች ደህናውን ጨርቅ ቆርጦ አወጣና በላዩ ጣፈበት። ሐቀኛ ሰው አይደል!

የምርጫ ቅስቀሳው ስብሰባ ኳስ ሜዳው ላይ ነበር። ተወዳዳሪው ክርኑን ወደ ላይ ቀሰረና «ይህን እራፊ እዩት! የእኔ ዲግሪ ይህ ነው!» ሲል ሜዳው በጩኸት ተናጋ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የታመመች እናቴን አዝዬ ሐኪም ቤት ሄድኩ» አለ። «ሐኪሙ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ምን አለኝ መሰላችሁ? ካልተማረ ሰው ምን ይጠበቃል! አለኝ።»

«ጠላታችን እነዚህ ተማርን ባዮች ናቸው!» ብሎ መሐረቡን አወጣ። የአዞ እንባ ሲባል እንሰማለን፤ አዞ ያን ቀን ሜዳው ላይ ቢኖር አፍሮ ወደ ወንዙ በተመለሰ ነበር።

ሜትሮስ? «ኧረ ይህ የእኔ ነው!» ማለት ሲገባው ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። እራፊውን የሰፋው እሱ፣ የታሪኩ ባለቤት እሱ፣ አልቃሹም እሱ። ቁስሉን በድምፅ ማጉያ የሚናገርለት ትልቅ ሰው አገኘና ልቡ ቅቤ ጠጣ።

ከሕዝቡ መሀል የሒሳብ መምህሩ እጁን አወጣ። የሜትሮን ልጅ ከትምህርት ሰዓት ውጭ እየጠራ ያስጠና የነበረው እሱ ነው።

«በየሰፈሩ ጤና ጣቢያ እሠራለሁ ብለዋል» አለ ረጋ ብሎ። «የተማረ ሰው ጠላታችን ከሆነ፣ ማን ነው የሚያክምበት?»

ተወዳዳሪው መሐረቡን እንደያዘ ወደ ሕዝቡ ዞረ።

«አያችሁልኝ? እኔ ስለ እናቴ ሳለቅስ እሱ ጥያቄ ይጠይቀኛል!»

ይኼኔ ሜዳው ፈላ። ሰው ሁሉ እናቱን የሰደቡበት ያህል ተነሳ። «ልበ ደረቅ! ቁጭ በል!» ብሎ መምህሩን በጃኬቱ የጎተተው ሌላ ማንም ሳይሆን ሜትሮ ነው። ቁልፉ ተበጥሶ ሣሩ ላይ ወደቀ። ያንን ቁልፍ የተከለለት ራሱ ነበር። መምህሩ ጎንበስ ብሎ ቁልፉን አነሳና ሄደ።

ሜትሮ ደረቱን ነፍቶ ቤቱ ገባ። «ልጅቱ ኮሌጅ አትሄድም» አለ።

ሚስቱ መጀመሪያ የሚቀልድ መስሏት ሳቀች። «ምን አገኘህ ደግሞ ዛሬ?»

«ተምራ መጥታ እኔኑ ልትንቀኝ ነው። እጅ ነው የሚያበላ፣ ወረቀት አይደለም። የስፌት መኪናው ላይ ትቀመጥ።»

«አንተ ሰውዬ» አለች የሆነውን ሁሉ ከራሱ አፍ የሰማችው ሚስቱ፣ «እራፊውን ሰፍተህ፣ ታሪኩን አበድረህ፣ ደግሞ ሄደህ ታለቅሳለህ? ያበድኩ እኔ ነኝ ወይስ አንተ?»

«እራፊውን ሰፋሁለት እንጂ ልቡን አልሰፋሁለትም! ልቡ እውነተኛ ነው!»

«አባዬ» አለች ልጅቱ፣ «እኔ እኮ የምማረው አያቴን የገጠማት ሌላ ሰው እንዳይገጥመው ነው።»

ሜትሮ የመለሰላት በጩኸት ነው። ከተወዳዳሪው የተማረው ትምህርት ይህ ብቻ ነው። እናቲቱ ለመነች፣ አኮረፈች፣ ጎረቤት አስገብታ አስመከረችው፤ እሱ ወይ ፍንክች! «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለች በመጨረሻ፤ «ደግሞ ወረቀት እጠላለሁ ትላለህ።» የምዝገባው ቀን አለፈ። ቦታዋ ለሌላ ተሰጠ። ልጅቱ ሁለተኛው የስፌት መኪና ላይ ተቀመጠችና የሰው ቀሚስ ጠርዝ ትዘመዝም ጀመር።

ተወዳዳሪው አሸነፈ። ጤና ጣቢያው የመሠረት ድንጋይ ተጣለለት፤ ድንጋዩ ዛሬም እዚያው አለ፤ ፍየሎች ይታከኩበታል። ከከረመ በኋላ አዲሱ ባለሥልጣን ኮቱን አስይዞ ወደ ሱቁ መጣ። «ወንድሜ» የምትለዋ ቃል ግን አብራው አልመጣችም።

«ይህን ነገር ንቀልልኝ» አለ ክርኑን እየጠቆመ። «ልጄ ሊመረቅ ነው። እንደዚህ ሆኜ ሰው ፊት አልቆምም።»

የልጅቱ የስፌት መኪና አፍታ ቆመና እንደገና መሄድ ጀመረ።

«ጌታዬ…» አለ ሜትሮ፣ ሜትሩን በጣቱ እየጠቀለለ፣ «አይነቀልም እኮ። ከሥሩ ቀዳዳ ነው። ስጥፍ ቆርጬ ነው የማወጣው፤ የሙያው ደንብ ነው።»

ሰውዬው ኮቱን ነጥቆ የእራፊውን ጫፍ በጥፍሩ ጎትቶ ቦጨቀው። ገበሩ በቀዳዳው በኩል ብቅ አለ። ፊቱ በንዴት ጠቆረ።

«ደህናውን ጨርቅ ቆረጥከው?»

«እኔ እኮ በቅንነት…»

«ድሮስ ካልተማረ ሰው ምን ይጠበቃል!»

ኮቱን መሬት ላይ ወርውሮ ወጣ። ቃሉን ከማን አፍ እንደወሰደው ትዝ ያለው አይመስልም፤ ሜዳው ላይ ያለቀሰባትን ያችኑ ቃል፣ በዚያችው ድምፅ ነው ያላት።

ሜትሮ ጎንበስ ብሎ ኮቱን አነሳ። አቧራውን አራገፈው፤ በክርኑ ቀዳዳ ጣቱን አሾልኮ አየ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ። ቢቻል ፊቷን እያየ ሊላት የፈለገው ብዙ ነው።

«ሰማሽው?» አላት።

«ሰማሁት አባዬ» አለች፤ ከምትዘመዝመው ቀሚስ ቀና አላለችም።