ይሉኝታ የሳበው ቃታ

አባቴ የጠመንጃ ጠጋኝ ነው፤ ነበር ልበል እንጂ። በሱቁ አንድ ሕግ ነበረች። ደንበኛ መሣሪያውን ሲያቀብለው «ባዶ ነው» ይላል፤ አባቴ «አላምንህም» ብሎ ይቀበልና ትንሿን ጣቱን ጥይት ማጉረሻው ውስጥ ይከታል። የፖሊስ አዛዥም ቢሆን አይቀርለትም። ሰፈሩ ስሙን ረስቶ «አላምንህም» እያለ ይጠራዋል።

ታላቅ ወንድሙ ጋሼ የእርሻ ዘበኛ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ከርከሮ ያባረሩት ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ይዘው ነው። ያ ጠመንጃ ወገቡ ላይ ይታጠፋል፤ በሁለቱም ቀዳዳ ብርሃን ከታየ ባዶ ነው፣ አለቀ። ክንዳቸው ሲደክም አሠሪዎቻቸው አዲስ አውቶማቲክ ገዙላቸው። አካሉ አሉሚኒየም ነው፤ ሦስት ኪሎ አይሞላም።

በሳምንቱ ትከሻቸው በልዞ መጡ።

«ይሄ ነገር ይራገጣል!»

«ቀላል መሣሪያ ለክንድ እንጂ ለትከሻ አያዝንም፣ ጋሼ። ከባድ ቢሆን ምቱን ራሱ ይውጠው ነበር» አለ አባቴ። አሠራሩንም አስረዳቸው። ሲተኮስ ከባሩዱ ጋዝ ጥቂቱ በቀዳዳ ሾልኮ ፒስተን ይገፋል፤ ፒስተኑ መዝጊያውን ወደ ኋላ ይልከዋል፤ ቀለሁ ተስፈንጥሮ ይወጣል። ስፕሪንጉ መዝጊያውን ሲመልሰው፣ ከአፈሙዙ ሥር ካለው ቱቦ የመጣ ሌላ ጥይት ይጎርሳል። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። የገባቸው መስሎን ነበር።

ሰደፉ ላይ ላስቲክ እንዲገጥምላቸው መልሰው ያመጡት ዕለት ቱቦውን አራግፈው «ባዶ ነው» አሉ። ማጉረሻው ውስጥ የገባው ጥይት ግን አልወጣም። አባቴ የለመደውን ሊናገር አፉን ከፈተ፤ መልሶ ገጠመው። ያሳደጉትን፣ ደብተር ገዝተው ያስተማሩትን ሰው እንዴት ብሎ አላምንዎትም ይበል? ይሉኝታ ያዘውና ሳይፈትሽ ተቀበለ። የሰደፉን ብሎን ከመፍታቱ በፊት የመምቻውን ስፕሪንግ ላርግብ ብሎ ቃታውን ሳበ። ጋሼ ፊት ለፊቱ ቆመው ነበር። ግራ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ።

መርማሪው ሆስፒታል ሲመጣ ጋሼ ቀደሙ። «ራሴው ነኝ። ወንድሜ አልነካውም።» የአባቴ የጥገና ፈቃድ እንዳይነጠቅ ብለው ነው። ቤታችን የሚያድረው በዚያች ሱቅ ስለሆነ እኔም አባቴን በክርኔ ጎሸም አድርጌ ዝም በል አልኩት። አላፍርበትም።

«እውነት ነው?» አለው መርማሪው።

አባቴ አለቀሰ። «ውሸት ነው። የሳብኩት እኔ ነኝ፤ ሳልፈትሽ።»

ፈቃዱ ተነጠቀ። አሁን የበር ቁልፍ ይጠግናል፤ እሱን ለምደነዋል። ጋሼ ከሆስፒታል ሲወጡ ይቅርታ ሊጠይቅ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት።

«እግሬስ ሄደ፤ የራሴም ስህተት ነው» አሉት። «አንተ ግን በባዳ ፊት ውሸታም አደረግከኝ።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። በሁለቱም ተናደድኩ፤ እስካሁንም አልበረደልኝም። አባቴ በየቅዳሜው ሄዶ ደጃፋቸው ላይ ይቀመጣል። ባለቤታቸው ወንበር ታወጣለታለች፤ ግባ ግን አትለውም።