ባለቤቱ ያልመጣበት ዓመት

ዱሬቲ አየር ጤና አካባቢ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ የቢዝነስ አስተዳደር መምህርት ናት። ባሏን ፈጠነን ያገኘችው ለሁለተኛ ዲግሪዋ ጥናት ስትሠራ ነው። አስኮ ያለው ጫማ መሥሪያው ገብታ መጠይቋን ስትዘረጋ፣ «ወረቀቱ ይቆይ፤ መጀመሪያ አንድ ቀን አብረሽን ሥሪና እይው» አላት። ሠራች። በሌላ ቀንም ተመለሰች፤ በመጨረሻ ተጋቡ።

ጥናቱ ማስተማሪያዋ ሆነ። በየዓመቱ ስለ ጫማ መሥሪያው ታስተምርና በማግስቱ ፈጠነ ራሱ ማስቲሽ በነካው ሱሪው ክፍሏ ከች ይላል። ተማሪዎቹ በጥያቄ ያፋጥጡታል። እሱም ከሐሳባቸው ደስ ያለውን ወስዶ ይሞክራል፤ የሴቶች ነጠላ ጫማ የጀመረው እንዲያ ነው። የተሳካውንና ያልተሳካውን ደግሞ እሷ ታጠናለች።

ጥር ላይ ፈጠነ በድንገት ታሞ፣ ሳምንት ሳይሞላው አረፈ።

ዱሬቲ ከአርባው በኋላ ሥራ ገባች። የትምህርት ክፍል ኃላፊው አቶ ሀብተማርያም ቢሮ አስጠሯት።

«የዘንድሮውን ማስተማሪያ በሌላ ድርጅት ብንቀይረውስ? እንዳይከብድሽ ብዬ ነው።»

«አይከብደኝም» አለች። እውነቷን ነበር። የሚከብዳትም የሚቀላትም ነገር አልነበረም። ለቀስተኛው ሲገባ ሲወጣ፣ ድንኳኑ ሲነሳ እንኳ የጎረቤት ሐዘን የምታይ ነበር የመሰላት።

እንደ ወትሮው አስተማረች። ወንድይፍራው የሚባል ተማሪ ከኋላ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ባለቤቱ ነገ ይመጣሉ አይደል? የአምናዎቹ ነግረውናል።»

«ባለቤቱ ሞቷል» አለች፤ የፈተና ቀን በምትነግርበት ድምፅ። «ቤቱ ግን አለ፤ ሠራተኞቹም አሉ።»

ባሏ እንደነበር የሚያውቁት አንገታቸውን ደፉ።

«ታዲያ አሁን ማነው የሚመራው?» አለ ወንድይፍራው፣ ነገሩ ሳይገባው።

የጫማ መሥሪያው ቆዳ ቆራጭ ሞቲም ይህንኑ ደጋግሞ ደውሎ ጠይቋት አልመለሰችለትም ነበር።

«እኔ እንጃ» አለች። ክፍል ውስጥ እንዲህ ብላ አታውቅም። «ሄደን እንየው።»

ተማሪዎቿን ይዛ አስኮ ሄደች። ሞቲ ያለቀውንም በጅምር የቀረውንም ጫማ አሳያቸው። ከሠራተኞቹ ጋር ሲከራከሩ ዋሉና፣ ምርቱን ሞቲ እንዲይዝ፣ ሽያጩን ደግሞ ሁለት ተማሪዎች ለተግባር ልምምዳቸው እንዲሞክሩት ተስማሙ።

«እትዬ ዱሬቲ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አላት ሞቲ።

«ይሁን።»

ሥራው ቀጠለ፤ አንዳንዴ ይሸጣል፣ አንዳንዴ ገበያው ይቀዘቅዛል። ክረምት ላይ ዱሬቲ ጥናቷ ላይ «ከመሥራቹ ሞት በኋላ» የሚል ምዕራፍ ጨመረች። አብራት የምታስተምረው አልፊያ አንብባው እንባዋ ሲወርድ፣ ዱሬቲ ከቦርሳዋ ሶፍት አውጥታ አቀበለቻት።