ሦስት ጌታ የተቀበለው የትምና በር ጠባቂ

ነበጥ-ዓም በጥንቷ ደቡብ ዓረቢያ፣ የቃታባን መንግሥት ዋና ከተማ የሆነችው የትምና በር ጠባቂ ነበር። ሥራው ከእጣን ነጋዴ ቀረጥ መቀበል ቢሆንም፣ እሱ የሚወደው ስድቡን ነበር። የጎረቤቱ መንግሥት የሐድራሞት ሰው እጣን የጫነ ግመሉን እየሳበ ሲመጣ ደረቱን ነፍቶ፣ «እኛ የዓም ልጆች ነን! አንተ ሙጫ ለቃሚ፣ ዝቅ ብለህ እለፍ!» ይለዋል። የአገሩ አምላክ የዓም ስም በስሙ ውስጥ ስላለ፣ ንጉሡ የሥጋ ዘመዱ ይመስለው ነበር። ሚስቱ ባርአት ግን ታውቀዋለች፤ አይጥ ሲያይ አልጋ ላይ የሚወጣ ጀግና ነው።

የሐድራሞት ጦር ትምናን ሲያቃጥል፣ ጎረቤቶቹ ግንቡ ሥር ሲወድቁ፣ ጀግናው የት ነበር? እህል ጉድጓድ ውስጥ። ጩኸቱ ሲበርድ ወጣ፤ ጢሙን አበጠረና የሟች ጎረቤቱን ሙክት እየጎተተ ወደ በሩ ገሰገሰ።

«ወዴት ነው?» አለች ባርአት፣ ፊቷ ጥላሸት እንደለበሰ።

«ጌቶቹን ልቀበል። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ነበጥ-ሰዪን በይኝ።»

«በእነሱ አምላክ? የጎረቤቶችህ ሬሳ ሳይነሳ?»

«አፍሽን ያዢ፣ አንቺ ሴት! ልቤ ድሮም ከሰዪን ጋር ነበር።»

«ልብ አለህ እንዴ?» አለችና ማድጋዋን አንስታ ወንድሟ መንደር ገባች።

የሐድራሞቱ ጦር አዛዥ ሙክቱን በላ፤ ሰውየውንም እዚያው በር ላይ መለሰው። አሁን የሚሰድበው የገዛ አገሩን ሰው ሆነ። «የዓም ርዝራዦች!» እያለ በዱላ ይገፈትራቸዋል። የገዛ ዘመዶቹን እንኳ አልማረም።

ዓመታት አልፈው ደግሞ ሐድራሞትን የሚወጋው የሌላ መንግሥት፣ የሒምየር ጦር ከተራራው ወረደ። ነበጥ ጥርሱ ረግፎ፣ ሌላ ሙክት ይዞ መንገድ ዳር ቆመ። «ነበጥ-ዓስተር እባላለሁ፣ በአምላካችሁ ስም! ልቤ ድሮም ከእናንተ...» አንዱ ወታደር ገመዱን ከእጁ ነጥቆ አለፈ። ሌላው ኩታውን ገፈፈው። ስሙን የጠየቀው የለም። «ዞር በል፣ ሽማግሌ፣ ግመሉ ይረግጥሃል!» አሉት እንጂ።

ሲመሽ የባርአትን በር አንኳኳ።

«ክፈቱልኝ፣ እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?» አለ ወንድሟ ከውስጥ።

ሽማግሌው «ነበጥ...» ብሎ ጀመረና ሳል አቋረጠው።

«እሱ ነው፤ ሳሉን አውቀዋለሁ» አለች ባርአት፣ ከወፍጮዋ ቀና ሳትል። «ከፍየሎቹ ጋር ይደር።»

እስኪሞት እዚያው ኖረ። የማሽላ ገንፎ በሰባራ ሸክላ ይሰጡታል። የመንደሩ ሰው «አንተ!» ብሎ ሲጠራው፣ ፈጥኖ «አቤት፣ ጌታዬ!» ይላል።